በርች ወይስ ሜፕል? አዲስ ድራም ለምትመርጡ

ሁለት አዲስ ድራም ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ በርች ከሚባል እንጨት የተሠራ ነው፣ አንዱ ሜፕል ከሚባል። ልካቸው አንድ ነው፦ በእግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም 22 ኢንች፣ በዱላ የሚመቱት ቶሞች 10፣ 12 እና 16። ሻጩ ሜፕሉን መታ መታ እያደረገ «ይሄ ሞቅ ያለ ድምፅ ነው ያለው» ይላችኋል። ወደ በርቹ ዞሮ ደግሞ «ይሄኛው ቆፍጠን ያለ ነው፣ ለስቱዲዮ የሚሆን» ይላል። አልዋሸም። ብቻ እዚያ ቆማችሁ የምትሰሙት ልዩነት አብዛኛው ከእንጨቱ የመጣ አይደለም።

እኔ ይሄ የገባኝ ከተሸወድኩ በኋላ ነው። ከአንድ ድራመር ጓደኛዬ ጋር ሆነን ሁለት ባለ 12 ኢንች ቶም አጠገብ ላጠገብ አቆምን። አንዱ በርች፣ አንዱ ሜፕል። ሁለቱም ከካርቶን ከወጡ ሰዓት አልሞላቸውም። መታሁ። ሜፕሉ «ዱም» ብሎ ቀጥ አለ። በርቹ «ዱዉዉዉም» እያለ ሄደ፣ ሄደ። ይሄማ ስሰማ ከኖርኩት ሁሉ ተቃራኒ ነው! መቆየት ያለበት ሜፕል፣ ቶሎ መቆረጥ ያለበት በርች ነበር። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ማውራት ስጀምር ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አየና «አንተ፣ ቆዳውን አይተኸዋል?» አለኝ። ቆዳ የምንለው ድራሙ ላይ የሚወጠረውን፣ ዛሬ ከፕላስቲክ የሚሠራውን መምቻ ነው።

አላየሁም። ሜፕሉ ላይ የተገጠመው ድርብ፣ ዳር ዳሩን ማፈኛ ያለው ቆዳ ነው። በርቹ ላይ ያለው ደግሞ ነጠላ ቆዳ። እኔ እንጨት የማወዳድር መስሎኝ ፕላስቲክ ሳወዳድር ነበር።

በማግስቱ አንድ ዓይነት ቆዳ አመጣንና ሁለቱንም ቀየርን። እኩል ቃና ላይ ቃኘናቸው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፣ እሱ ደስ ያለውን ይመታል፣ እኔ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። ከ10 ምት 7ቱን አወቅኩ። ጓደኛዬ «7ትማ በዕድልም ይመጣል» እያለ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ፦ ልዩነቱ አለ፣ ሲያወሩለት የምንሰማውን ያህል ግን አይደለም።

እንጨቱ ምን ይሠራል?

ሼል የምንለው የድራሙ ገላ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ አይደለም። በአብዛኛው ከኮምፖርሳቶ ብዙም አይለይም። ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተደራርበው፣ ክብ ቅርጽ ውስጥ ገብተው፣ ተጨምቀው ይጣበቃሉ። 6 ወይም 7 ንጣፍ የተለመደ ነው። በደንብ የተጣበቀ ሼል ክብነቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

ድምፁን የሚጀምረው ግን ቆዳው ነው። ዱላው ቆዳውን ይመታል፣ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ውስጥ የታመቀው አየር የታችኛውን ቆዳ ይገፋዋል። ሼሉ ይሄን ሁሉ ይዞ የቆመ ነው። የትኛው የድምፁ ክፍል ቶሎ እንዲሞት፣ የትኛው እንዲቆይ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ድርሻው ትንሽ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም።

ቁጥሩን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ስኳር ሜፕል የሚባለው ጠንካራው የሰሜን አሜሪካ ሜፕል ሲደርቅ አንድ ሜትር ኩቡ 705 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቢጫ በርች 690 ገደማ። 2 በመቶ ቢበላለጡ ነው። የአውሮፓው በርች ቀለል ይላል፣ 640 አካባቢ። ጥንካሬን የሚለኩበት ያንካ የሚባል መለኪያም አለ። 11.28 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ እስከ ወገቧ እንጨቱ ውስጥ ለመቅበር ስንት ኃይል ይጠይቃል የሚል ነው። ስኳር ሜፕል 1,450 ፓውንድ፣ ቢጫ በርች 1,260 ፓውንድ ይላል። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀይ ሜፕል የሚባለው ሌላው ዝርያ በዚሁ መለኪያ 950 ነው። እሱም ሜፕል ነው፣ ካርቶኑ ላይም «ሜፕል» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ በሁለት ሜፕሎች መካከል ያለው ርቀት፣ በጠንካራው ሜፕልና በበርች መካከል ካለው ይበልጣል። «ሜፕል ነው» የሚለው ቃል ብቻውን የሚነግራችሁ ነገር ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ድምፃቸው

በርች ከላይና ከታች ይናገራል፣ መሃሉን ይውጣል። የዱላው ምት ፊት ለፊት ጎልቶ ይመጣል፣ ከሥሩ ወፍራም ድምፅ ይከተላል፣ ከዚያ ቶሎ ይዘጋል። የስቱዲዮ ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። መቅረጽ ሲጀምሩ በኢኩዋላይዘር (በድምፅ ማስተካከያው) የሚቀንሱትን የመሃል ድምፅ እንጨቱ ራሱ ቀንሶ ይጠብቃቸዋል።

ሜፕል ሁሉንም እኩል ይሰጣል። ወፍራሙ ድምፅ ላይ ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ምቱ እንደ በርች አይሾልም፣ ድምፁ ሰንበት ይላል። ወደ ታች ስትቃኙትም ወደ ላይ ስታጠብቁትም ብዙ አያኮርፍም።

በቃል ሲነገር ሁሉም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ቆመን እናዳምጥ። ባለ 16 ኢንች ፍሎር ቶም፣ መሬት ላይ የሚቆመውን ትልቁን ቶም፣ ወደ ታች ወረድ አድርጋችሁ ቃኙ። አሁን ፈጠን ያለ ዙር ምቱ፦ አራት ምት፣ ከዚያ ቤዝ ድራምና ሲምባል (የነሐስ ሳህኑ)። በበርች አራቱ ምት አራት ሆኖ ይሰማል። አንዱ ከአንዱ ይለያል፣ መሃላቸው ያለው ክፍተት ይሰማችኋል። በሜፕል ሁለተኛው ምት ሲመጣ የመጀመሪያው ገና አልሄደም። ሦስተኛው በሁለቱ ላይ ይደረባል። ሲምባሉ ላይ ስትደርሱ ከሥር ሰፊ ነጎድጓድ መሰል ነገር ተነጥፏል።

አሁን ደግሞ ዘገምተኛ ዘፈን አስቡ። በአራት የሙዚቃ ቤት (ባር) አንድ ጊዜ ብቻ ፍሎር ቶሙን ትነካላችሁ። በርቹ «ዱም» ብሎ ይተዋችኋል፣ የቀረውን ቦታ ዝምታ ይይዘዋል። ሜፕሉ ግን ያቺን አንድ ምት ይዞ እስከሚቀጥለው ድረስ ይወስዳችኋል። እዚህ ላይ እኔ ሜፕልን አልከራከረውም። በፍጥነት ላይ የበደላችሁን እዚህ ይክሳችኋል።

የበርች ስም የገነነው ቀረጻ ላይ ነው ብያለሁ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው፣ ሪኮርዲንግ ከስተም በሚል ስም የታወቀው የ9000 ድራም ነው። አሜሪካዊው ድራመር ስቲቭ ጋድ ይዞት ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ዞረ፣ ሌላው ድራመርም ተከተለው። ያማሃ ድራሙን አድሶ በ2016 እንደገና ሲያወጣም ጋድ አብሮ ሠርቶበታል። ታማ የሚባለው ድራም ሠሪ የመጀመሪያው ሱፐርስታርም በ70ዎቹና በ80ዎቹ በርች ነበር። ዛሬ ሱፐርስታር ክላሲክ ተብሎ የሚሸጠው ግን ሜፕል ነው። ስሙ አንድ፣ እንጨቱ ሌላ። ያገለገለ ድራም ስትገዙ ይሄን ልብ በሉ።

የሜፕል ዝናም ውስጡ ሲታይ እንደሚወራው ንጹህ አይደለም። የቢትልሱ ድራመር ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የመታውን የሉድዊግ ኩባንያ ድራም ብዙ ሰው «የድሮው የሜፕል ድምፅ» ይለዋል። የዚያ ዘመን የሉድዊግ ሼል ግን ከማሆጋኒ፣ ከፖፕላርና ከሜፕል የተደራረበ ባለ 3 ንጣፍ ነበር፣ ዳርና ዳሩ በሜፕል ቀለበት የተደገፈ። ፖፕላር እንግዲህ ዛሬ ርካሽ ድራም ላይ ሲያዩት ሰዎች ፊታቸውን የሚያጨማድዱበት ለስላሳ እንጨት ነው።

ከእንጨቱ በፊት የሚሰለፉት

ቆዳው አንደኛ ነው። ነጠላ ቆዳ፣ እንደ ሬሞ አምባሳደር ወይም እንደ ኢቫንስ ጂ1 ያለው፣ ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ፕላስቲክ ነው። ክፍት ነው፣ ይጮኻል፣ ይቆያል። ድርቡ፣ እንደ ኢምፐረር ወይም እንደ ጂ2 ያለው፣ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ተደርበውበታል። ወፍራም ይናገራል፣ ቶሎ ያርፋል፣ ጉልበተኛ ድራመርንም ይችላል። በርች ላይ ነጠላ፣ ሜፕል ላይ ድርብ ከገጠማችሁ እንደ እኔ የተገላቢጦሽ መሄድ ትችላላችሁ። መካከለኛ ደረጃ ያላቸው አዲስ ድራሞች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ቆዳ ብዙ ጊዜ ደካማ ስለሆነ፣ ድራም ስትገዙ አዲስ ቆዳም አብራችሁ አስቡ።

ቅኝቱ ሁለተኛ ነው፣ አንዳንዴም አንደኛ። የላይኛውና የታችኛው ቆዳ እኩል ሲወጠሩ ድምፁ ከሁሉም ረዝሞ ይቆያል። አንዱን ከሌላው ከፍ ስታደርጉ ያጥራል፣ ቃናውም ጎንበስ ይላል። እንግዲህ ቁልፍ ይዛችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የምታመጡት የርዝመት ለውጥ፣ በርችን በሜፕል ቀይራችሁ ከምታመጡት ሊበልጥ ይችላል። ይሄን ያወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ ያልተቃኘ ድራም መትቶ «አይሆነኝም» አይልም።

ሦስተኛው ጠርዙ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ገዢ የማያየው፣ ሻጭም የማያነሳው ነገር ነው። ቆዳው ሼሉን የሚነካው በቀጭን ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ጠርዙ በ45 ዲግሪ ሾል ተደርጎ ከተቆረጠ ቆዳው የሚያርፍበት ቦታ ቀጭን ይሆናል። ድምፁ ብሩህና ረጅም ይወጣል። ጠርዙ ክብ ከተደረገ ቆዳው እንጨቱን ሰፋ አድርጎ ይነካል፣ ድምፁም ይለሰልሳል፣ ያጥራል። ስለዚህ ክብ ጠርዝ ያለው ሜፕል፣ ሹል ጠርዝ ካለው በርች ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል።

የባሰው ግን ጠርዙ ሲወላገድ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ ድራም ገዝቼ 12 ኢንቹን ቶም መቃኘት አቃተኝ። አንዱን ቡሎን ሳስተካክል ማዶው ይበላሻል። ማዶውን ሳስተካክል ይሄኛው። ለሁለት ሳምንት ጥፋቱን በራሴ ላይ ሳደርግ ቆየሁ። ቆዳውን አውልቄ ሼሉን የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት፣ ውስጡ የስልክ መብራት አበራሁ። በአንድ በኩል ብርሃኑ እንደ በር ሥር ጭላንጭል ይፈስሳል። ያ ቶም ከበርችም ከሜፕልም ቢሠራ ዋጋ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ልክ ይመጣል። 12 ኢንች ቶም 7 ኢንች ጥልቀት ካለውና 10 ኢንች ጥልቀት ካለው ሁለት የተለያየ ፍጡር ነው። ውፍረትም እንዲሁ፦ ስስ ሼል ወረድ ያለ ቃና ይሰጣል፣ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ወፍራሙ ድምፁን አጥብቆ ወደ ፊት ይወረውራል። ቆዳውን የሚወጥረው የብረት ቀለበትም ቢሆን፣ ተጣጥፎ የተሠራው ክፍት ያደርጋል፣ በቅርጽ የፈሰሰው ከባዱ ሰብሰብ ያደርጋል።

እንጨቱ እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚሰለፈው። አምስተኛ በሉት።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ

የድራም ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁም ሁለት አንድ ዓይነት ባለ 12 ኢንች ቆዳ። «ቆዳ ቀይሬ ልሞክር» ስትሉ ሻጩ ፊቱ ሊቀየር ይችላል፣ ግን አዲስ ድራም የሚገዛ ሰው ይሄን የመጠየቅ መብት አለው። ሻጩ እምቢ ካለ ቢያንስ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቆዳ ያለበትን ቶም ፈልጉ።

ሁሉንም ቶም ለማወዳደር አትሞክሩ። ጆሮ ይደክማል። አንድ ልክ ምረጡ። ቡሎኖቹን በእጃችሁ እስኪይዙ አጥብቁ፣ ከዚያ በቁልፍ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገራችሁ ግማሽ ግማሽ ዙር ስጡ። ከእያንዳንዱ ቡሎን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉ፣ ቃናው እኩል እስኪሆን ድረስ። ታችኛውንም እንደዚሁ። ሌላኛው ቶም ላይ ድገሙት። ይሄ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ለዓመታት ለምትመቱት ነገር ሩብ ሰዓት ምን አላት።

ከመምታታችሁ በፊት በአካባቢው ያሉትን የስኔሮች (ሥራቸው ሽቦ የተዘረጋባቸው ድራሞች) ሽቦ አውርዱ። ድራም የሞላበት ክፍል ውስጥ አንዱን ስትመቱ ሁሉም አብረው ያጉረመርማሉ፣ እናንተም የማን ድምፅ እንደሆነ አታውቁም። ክፍሉም ራሱ ይዋሻል። ባዶ ግድግዳ በርችን ሜፕል ያስመስለዋል፣ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ሜፕልን በርች።

አሁን በሦስት ጉልበት ምቱ። መጀመሪያ በጣት ጫፍ እንደመንካት ቀስ ብላችሁ። ብዙ ድራም ጮክ ሲል ጥሩ ነው፣ ቀስ ሲባል ግን ይሞታል። ሜፕል እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይከፈታል። ቀጥሎ በምትጫወቱበት ጉልበት። ከዚያ በሙሉ ኃይል፣ ታፍኖ እንደሆነ ለማየት። የመጨረሻውን ሻጩ ፊት ስታደርጉ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን አድርጉት።

ከዚያ ዱላውን ለሌላ ሰው ስጡና አምስት ስድስት እርምጃ ራቁ። ድራመር ድራሙን ከሁሉም ሰው በተለየ ቦታ ነው የሚሰማው፣ ከላይ ሆኖ፣ ጆሮው ሥር። ሜፕል ለሚመታው ሰው ያምራል፣ ድምፁ ያቅፈዋልና። ከሩቅ ለሚሰማው ግን የበርች ምት ጎልቶ ይደርሳል። ሁለቱን ቦታ ሳትሰሙ አትወስኑ። ዞራችሁም ስሙ፣ ሳታዩ። እኔ ከ10 ሦስቱን እንደሳትኩ አትርሱ።

የመጨረሻው ሥራ የዓይን ነው። ቆዳውን ስታወልቁ ጠርዙ ላይ ጣታችሁን አዙሩ፣ ጎርበጥ ወይም ሰርጎድ የሚል ቦታ ካለ ይታወቃችኋል። ለጥ ያለ ነገር ላይ ደፍታችሁ በስልክ መብራት እዩት። ውስጡ የንጣፎቹ መጋጠሚያ ተከፍቶ፣ ኮላ ፈስሶ እንደሆነ ተመልከቱ። ቡሎኖቹ በእጅ ብቻ ልስልስ ብለው ይግቡ። የሚያንገራግር ቡሎን ካለ ወይ ጥርሱ ተበልቷል፣ ወይ ቡሎኑ የሚገባበት ላግ ጠሞ ተበስቷል።

ቤዝ ድራሙ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ማፈኛ ያለው ቆዳ ገብቶበት፣ ውስጡ ትራስ ከተወሸቀበት በኋላ በርች ይሁን ሜፕል መለየት ከባድ ነው። ስኔሩንም ለብቻው ዳኙት። ዞሮ ዞሮ ብዙ ድራመር ሌላ ስኔር ይገዛል።

የት ነው የምትመቱት?

እያንዳንዱ ቶም ላይ ማይክ ተጠግቶ የሚቆምላችሁ ከሆነ፣ በርች ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል። የቶም ማይክ የራሱን ቶም ብቻ አይሰማም፣ ጎረቤቱንም ይሰማል። ረጅም ድምፅ ባለው ድራም ላይ ሁሉም ማይኮች ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ፣ የሚክሰሩ ሰው ደግሞ በቴፕና በጌት (ድምፁ ሲያንስ ማይኩን በሚዘጋ መሣሪያ) ሲያፍን ይውላል። ያ ሁሉ ታፍኖ ካለቀ በኋላ የሜፕሉ መቆየት የት ሄደ? ከፍላችሁ ያመጣችሁትን ነገር ነው በቴፕ የለጠፋችሁበት።

ጊታሮች የሚጮኹበት ሙዚቃም ለበርች ያደላል። ጊታር መሃሉን ይሞላዋል። በርች መሃሉን ስለሚለቅ የዱላው ምት በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል።

ማይክ በሌለበት ክፍል፣ በብሩሽ ወይም በቀስታ ለሚመታ ሰው ግን እኔ ሜፕል እላለሁ። ሙሉ ድምፁን በትንሽ ጉልበት ይሰጣል። ጃዝ ለሚመቱ፣ 18 ኢንች ቤዝ ድራም ይዘው ቶሞቹን ከፍ አድርገው ለሚቃኙ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ ቀረጻ፣ ነገ ሠርግ፣ ከነገ ወዲያ ልምምድ፣ ሁሉንም በአንድ ድራም ለሚሠራ ሰውስ? እውነቱን ለመናገር ሜፕል ያመዝናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሚቆይን ድምፅ ማሳጠር ይቻላል። የጄል ቁራጭ፣ ቴፕ፣ ጨርቅ፣ ድርብ ቆዳ፣ መንገዱ ብዙ ነው። ቶሎ የሚዘጋን ድምፅ ማስረዘም ግን ገደብ አለው። ያለውን መቀነስ ትችላላችሁ፣ የሌለውን ከየት ታመጣላችሁ?

መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

«ሜፕል» እና «ሙሉ ሜፕል» አንድ አይደሉም። የውጭው ንጣፍ ብቻ ሜፕል ሆኖ ውስጡ ሌላ እንጨት የሆነ ሼል አለ። «ምርጥ ጠንካራ እንጨት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የእንጨቱን ስም መናገር አልፈለጉም ማለት ነው። ድምፁ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ነገር ግን በሜፕል ዋጋ አትግዙት።

ሁለቱን መቀላቀልም አለ። የሜፕክስ አርሞሪ በርችና ሜፕልን በአንድ ሼል ያጣምራል። የታማ ስታርክላሲክ ዎልነት በርች ደግሞ በርችን ከዋልነት ጋር። መሃል ላይ መቆም ለሚፈልግ ሰው መጥፎ አይደሉም፣ ግን ንጽጽሩን ያወሳስቡታል።

ንጽጽሩን ንጹህ ለማድረግ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ደረጃቸው የሚቀራረብ ሁለት ድራሞች ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ለምሳሌ የሶኖር ኤኪው1 በርች ነው፣ ኤኪው2 ሜፕል። ያማሃ ስቴጅ ከስተም በርች ደግሞ ስሙ ላይ እንዳለው በርች ነው፣ እሱን ከፒዲፒ ኮንሴፕት ሜፕል ወይም ከግሬች ካታሊና ሜፕል ጋር የሚያወዳድር ገዢ ብዙ ነው። የተለያየ ፋብሪካ ሲሆን ግን ጠርዙም፣ ውፍረቱም፣ ቀለበቱም አብሮ እንደሚለያይ አትርሱ። እንጨት ብቻ አይደለም የምታወዳድሩት።

ዋጋ ስታስተያዩም ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ድራም የሚሸጠው ሼሉ ብቻ ነው። ሲምባል የለውም፣ መቆሚያ የለውም፣ ፔዳል የለውም፣ አንዳንዱ ስኔርም የለውም። ጥሩ ሜፕል ከደካማ ሲምባል ጋር ወይስ ጥሩ በርች ከጥሩ ሲምባል ጋር የሚል ምርጫ ከመጣ፣ ሳላመነታ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ሲምባል በቅኝት አይስተካከልም።

ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ ይሁን ቀለም የተቀባ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ለብዙ ጉዞ የሚጫን ድራም ከሆነ የተለበጠው ጭረት ይችላል። የበርችና የሜፕል ክብደትም ብዙ አይለያይም። ወገብ የሚቆርጠው መቆሚያው ነው።

እኔ በመጨረሻ በርቹን ወሰድኩ። የምመታው በአብዛኛው ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ ማይክ ከፊቴ ተደርድሮ ነው፣ ጠርዞቹም ከሜፕሉ በተሻለ ለጥ ያሉ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይበልጥ ገፋፍቶኛል። ጓደኛዬ ሜፕል አለው። ቀረጻ ሲገጥመው የእኔን ቶሞች ይዋሳል፣ እኔም ዘገምተኛ ዘፈን ሲመጣብኝ የእሱን ፍሎር ቶም ጭኜ እሄዳለሁ። ሁለታችንም የምንገጥመው ቆዳ ግን አንድ ዓይነት ነው።